ሁለት ቢላና አንድ ድንጋይ፦ የኩሽና ቢላ አመራረጥና አሳሳል

ቲማቲም ላይ ቢላ አሳርፋችሁ ስትጎትቱ ልጡ አልበጠስ ብሎ ውስጡ ከተጨፈለቀ፣ ጥፋቱ የቲማቲሙ አይደለም። ቢላችሁ ዶልድሟል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ አዲስ ቢላ ይገዛል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። አንድ ጊዜማ 12 ቢላ ከነእንጨት ማቆሚያው ገዛሁ። ሲያዩት ያምራል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ዶለዶሙ። ልብ በሉ፣ 12ቱም አይደሉም የዶለዶሙት። ሁለቱ ናቸው። አሥሩ ከማቆሚያቸው ወጥተው አያውቁም።

በዚያው ሰሞን ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው በልጡ ላይ ተንሸራቶ ጣቴ ላይ አረፈ። የሚቆርጠው ስል ቢላ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩና በዶልዱም ቢላ መቆረጤ ገረመኝ። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ስል ቢላ በራሱ ክብደት ይገባል። ዶልዱም ቢላ በጉልበት ይገፋል፤ በጉልበት የተገፋ ነገር ሲያመልጥ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ብዙ ቢላ ላይ አትበትኑት። ሁለት ደህና ቢላና አንድ የመሳያ ድንጋይ ይበቃችኋል። ከቢላውና ከድንጋዩ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ድንጋዩ እላለሁ። መናኛ ቢላ በድንጋይ ይቃናል። ውድ ቢላ ያለ ድንጋይ በዓመቱ ከመናኛው አይለይም።

ቢላ ለምን ይዶለድማል?

ይህን ሳይረዱ መሳል ሳያዩ እንደመስፋት ነውና ትንሽ እንቆይበት።

በደንብ የተሳለ ስለት የጫፉ ውፍረት አንድ ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ የቀጠነ ብረት ከመክተፊያው ጋር በተላተመ ቁጥር ሁለት ነገር ይደርስበታል።

አንደኛው መታጠፍ ነው። ጫፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ብረቱ አልጠፋም፤ ቦታውን ነው የሳተው። ሁለተኛው ማለቅ ነው። ጫፉ ይበላል፣ ይሰበራል፣ ይደፈናል። እዚህ ላይ የሚቃና ነገር የለም፤ አዲስ ስለት ማውጣት ነው ያለው።

ለመሰበር የግድ አጥንት መምታት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ተመራማሪዎች የጺም ምላጭ ለምን ቶሎ እንደሚደንዝ በማይክሮስኮፕ ተመልክተው ነበር። ፀጉር ከምላጩ ብረት 50 እጥፍ ገደማ የለሰለሰ ነው። ያም ሆኖ ብረቱ ወጥ ባልሆነበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ጎንበስ ብሎ ሲገጥመው ስለቱን ይሸርፈዋል። ፀጉር ምላጭን ከሸረፈ፣ ካሮት ቢላን ቢሸርፍ አይግረማችሁ።

የታጠፈውን የሚያቃናው ዘንግ ነው። ሥጋ ቆራጮች ቢላቸውን ቿ ቿ የሚያደርጉበት ረጅም የብረት ዘንግ ማለቴ ነው፤ አንዳንዱ ሞረድ ይለዋል። ያለቀውን የሚመልሰው ግን ድንጋይ ብቻ ነው። “ዘንጉ ላይ ስንት ጊዜ ብመታው አልስል አለኝ” የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ስለት ይዘው ነው የሚታገሉት።

ስንት ቢላ፣ የትኛው?

አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ።

ትልቁ ገላው (ከእጀታው ውጭ ያለው ብረት) 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ሁለገብ ቢላ ነው። ከሽንኩርት እስከ ሥጋ፣ ከጎመን እስከ ሐብሐብ ይሠራል። እጁ ትንሽ የሆነ ወይም መክተፊያው ጠባብ የሆነ ሰው 18 ቢወስድ ይመቸዋል። ትንሹ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለመላጥ፣ ለመፈልፈልና እጅ ላይ ይዘው ለሚሠሩት ሥራ ነው። ዳቦ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ጥርስ ያለው ረጅም ቢላ ሦስተኛ ሆኖ ይጨመር። ከዚያ በላይ ያለው ለሚወደው ሰው ነው፤ እኔ አላማም።

ስለ ብረቱ

መደብር ውስጥ ስትገቡ በሁለት ብረት መካከል ነው የምትመርጡት፤ የማይዝግና የሚዝግ።

የማይዝገው ብረት ውስጥ ክሮሚየም አለ፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በብረቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ዝገት የሚከለክለው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ የማይዝጉ ቢላዎች ታሪክ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል የብረት ባለሙያ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ነበር ይህን ብረት ያገኘው። ሼፊልድ የቢላ ከተማ ናትና ለቢላ እንዲሞክሩት ሠሪዎቹን ለመናቸው። እነሱ ግን ብረቱን እንደ ልማዳቸው አቀጥቅጠው ስለት ሊያወጡለት አልቻሉም፤ “የማይቆርጥ ቢላ የፈለሰፈ ሰው” እያሉ አሾፉበት። ችግሩ የብረቱ ሳይሆን የማጠንከሪያው ሙቀት ነበር። እሱ ከታወቀ በኋላ የዓለም ኩሽና ሁሉ የማይዝግ ሆነ።

የሚዝገው፣ ማለትም ክሮሚየም የሌለው ባለ ካርቦን ብረት፣ ቶሎ ይሳላል፤ ስለቱም ጥሩ ነው። ግን ሕፃን እንደማሳደግ ነው። ሎሚ ቆርጣችሁ ሳታጥቡት ስልክ ብታነሱ ስትመለሱ ቀለሙ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ቢላውን ገንዳ ውስጥ ትታችሁ የምትተኙ ሰዎች ከሆናችሁ፣ እባካችሁ የማይዝገውን ውሰዱ።

ቀጥሎ ጥንካሬ ይመጣል። ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል ሚዛን ነው፤ ቢላው ወይም ማሸጊያው ላይ ቁጥሩን የሚጽፉ አሉ። ከ54 እስከ 58 ያለው ለስለስ ይላል። አብዛኛው የጀርመን ዓይነት ቢላ እዚህ ይመደባል። ቶሎ ይታጠፋል፤ ግን ቶሎ ይቃናል፤ ቢወድቅም ቢመታም ቻይ ነው። ከ60 በላይ ያለው፣ አብዛኛው የጃፓን ዓይነት፣ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ቀጭንም ተደርጎ ይሳላል። በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ ነው። አጥንት፣ በረዶ የሠራ ሥጋ፣ ጠንካራ ዱባ ላይ ካጣመማችሁት ጫፉ ይሰበራል። ለጀማሪ የምመክረው 56 ወይም 57 አካባቢ ያለውን ነው። ስህተት ይችላል። ስትማሩ ደግሞ ስህተት አይቀርም።

ነጭ የሴራሚክ ቢላም አለ። ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው የሚሠራው፤ አይዝግም፣ ለወራት ስል ሆኖ ይቆያል። ከዶለዶመ ግን ተራ ድንጋይ አይስለውም፤ የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። ከጠረጴዛ ከወደቀም የመትረፉ ነገር ያጠራጥራል። ገላው ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የተንቆጠቆጠ ጌጥ ያለውን በተመለከተ ደግሞ፦ ጌጡ አይቆርጥም። የሚቆርጠው መሐል ላይ ያለው ብረት ነው። ካማራችሁ ግዙት፤ ግን ለስለቱ ብላችሁ አይሁን። “መሳል የማያስፈልገው ቢላ” የሚለውን ማስታወቂያ እለፉት። እንዲህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለቱ ላይ ደቃቅ ጥርስ የተቆረጠበት ነው። አይቆርጥም፣ ይቀድዳል። ጥርሱ ሲያልቅ መጣል ነው።

እጃችሁ ላይ ሞክሩት

ይህን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ቢላ በወረቀት ላይ እኩል ሆነው እጅ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ።

እጀታውን በጡጫ ሙሉ መጨበጥ ብቻ ሳይሆን እንዲህም ያዙት፦ አውራ ጣታችሁና ጠቋሚያችሁ እጀታው የሚያልቅበት ቦታ ላይ የብረቱን ሁለት ጎን ቆንጠጥ ያድርጉ፤ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች እጀታውን ይያዙ። ባለሙያዎች የሚይዙት እንዲህ ነው። በዚህ አያያዝ ቢላው ወደ ፊት ካልደፋና ወደ ኋላ ካልጎተተ ሚዛኑ ደህና ነው። የብረቱ ጀርባ ጣታችሁን ከቆረቆረ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሠሩበት ያቆስላል። ጣቶቻችሁ ከመክተፊያው ጋር እንዳይጋጩ የገላው ስፋት ይበቃ እንደሆነም እዩ።

ከዚያ ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከጫፍ ወደ እጀታ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ተመልከቱ። ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። የተጣመመ ከሆነ አትግዙት፤ ጠማማ ቢላ ድንጋይ ላይ ፍዳ ያሳያል። በብረቱና በእጀታው መገናኛ ላይ ክፍተት ካለ ውኃና የምግብ ቅሪት ይገባበታል፤ ይህንንም ተዉት። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሲታይ በሁለቱ የእጀታ ግማሾች መሐል ብረቱ ይታያል።

“ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው ወይስ ከላሜራ የተቆረጠ?” የሚለው ክርክር ላይ ብዙ አልቆይም። ድሮ ልዩነቱ ትልቅ ነበር። ዛሬ ከላሜራ ተቆርጠው ብዙ የኩሽና ሠራተኛ የሚምልባቸው ቀላል ቢላዎች አሉ።

ድንጋዩ

የመሳያ ድንጋይ ሻካራነቱ በቁጥር ይነገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻክራል፣ ሲበዛ ይለሰልሳል። ከ200 እስከ 400 ያለው ስለቱ ለተሸረፈ ቢላ ነው። 1000 ዋናው ነው። ከ3000 እስከ 6000 ያለው ለማጥራት ነው። አንድ ብቻ ግዙ ከተባለ 1000ን ውሰዱ። አንድ ጎኑ 1000 ሌላ ጎኑ 3000 ወይም 6000 የሆነ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ አያሻም። ርዝመቱ ቢያንስ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አጭር ድንጋይ ላይ ትልቅ ቢላ መሳል እጅ ያሳስራል።

በውኃ የሚሠራና በዘይት የሚሠራ ድንጋይ አለ። አትቀላቅሉ። አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ውኃ አይቀበልም። ለቤት የውኃው ይቀላል።

በመጎተት የሚስሉት ትንንሽ የፕላስቲክ መሳያዎችስ? ቢላውን በስንጥቃቸው ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ ስትስቡት በእርግጥ ይቆርጣል። ግን ብዙዎቹ ስለቱን ይፍቁታል እንጂ አይስሉትም፤ ብረት ያባክናሉ፣ የሚቆየውም ጥቂት ቀን ነው። መናኛ ቢላ በችኮላ ለመመለስ ይሁን። ከ60 በላይ ጥንካሬ ያለውን ቢላ ግን አታስነኩት። በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስል ሰው ጋ ከወሰዳችሁም አንድ ነገር እዩ፦ ስለቱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ ግሏል፤ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው።

አሳሳሉ፣ ደረጃ በደረጃ

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት መድቡ። በውዱ ቢላ አትጀምሩ፤ ከመሳቢያው ሥር የተረሳውን አንዱን አውጡ።

1. ድንጋዩን አርጥቡት። አብዛኛው የውኃ ድንጋይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ የአረፋ መውጣት ሲያቆም ጠግቧል። ውኃ ጠብ አድርጎ ብቻ መጀመር የሚበቃቸውም አሉ፤ እነሱን መንከር ይጎዳቸዋልና ማሸጊያውን አንብቡ።

2. ድንጋዩን ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ንቅንቅ ማለት የለበትም።

3. ዘንበል ማድረጊያውን ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ግን እንደሚባለው ከባድ አይደለም። የጀርመን ዓይነት ቢላ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይሳላል፤ የጃፓን ዓይነት 15። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልጋችሁም። ለ20 ዲግሪ የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ የሚነሣው የገላውን ስፋት ሲሶ ያህል ነው። ለ15 ዲግሪ ሩቡን። ስለዚህ ገላው 4.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ለ20 ዲግሪ ጀርባውን 1.5 ሴንቲ ሜትር ታነሡታላችሁ። ሌላም ዘዴ አለ፦ የወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ሲታጠፍ 45፣ ሁለቴ ሲታጠፍ 22.5 ይሆናል። ቢላውን በዚያ ላይ አሳርፉና ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርጉት። ከዲግሪው ትክክለኛነት ይልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ መጠበቁ ነው ቁም ነገሩ።

4. ስለቱን በማርከር ቀቡት። ጠርዙን በሁለቱም ጎን አጥቁሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ሂዱበት። ከዚያ እዩ። ቀለሙ እስከ ስለቱ መጨረሻ ጠርዝ ድረስ ከለቀቀ ልኩን ይዛችኋል። ከላይ፣ በጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን አነስ አድርጋችሁ አንሥታችኋል ማለት ነው፤ ከፍ አድርጉት። የስለቱ መጨረሻ ጠርዝ ላይ ብቻ ከለቀቀ ዝቅ አድርጉት። ይህን ዘዴ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ሁለት ወር አላባክንም ነበር።

5. አንድ ጎን ሥሩ። በቀኝ እጃችሁ እጀታውን ይዛችሁ የግራ እጃችሁን ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ገላው ላይ፣ ወደ ስለቱ ጠጋ አድርጋችሁ አሳርፉ። ግራኝ የሆናችሁ ገልብጡት። ወደ ፊት ስትገፉ ወይም ወደ ራሳችሁ ስትስቡ፣ በአንዱ ብቻ ጫን በሉ፤ በመልሱ ለቀቅ። ጭነቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ስፖንጅ በከፊል የሚጨመቅበት ያህል ነው፤ ከዚያ አይብለጥ። ከተረከዙ (ከእጀታው አጠገብ ካለው የስለቱ መነሻ) ጀምራችሁ ጣቶቻችሁን እያንቀሳቀሳችሁ እስከ ጫፉ ድረሱ። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ክርኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ካልሆነ የሾለው ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ድንጋዩ ላይ የሚወጣውን ጭቃ አትጠቡት። የሚስለው እሱም ነው። ከደረቀ ውኃ ጠብ አድርጉበት።

6. እጥፋቱን ፈልጉ። የዚህ ሥራ ምስጢሩ ይህች ናት። አንዱን ጎን ስትስሉት ብረቱ እስከ ስለቱ ጠርዝ ሲደርስ ወደ ሌላው ጎን ቀጭን ሆኖ ይታጠፋል። ዓይን በደንብ አያየውም፤ ጣት ግን ያገኘዋል። አውራ ጣታችሁን ባልሳላችሁት ጎን ላይ አሳርፉና ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ስለቱን አቋርጦ ወደ ውጭ፣ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራትቱት። በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሁን፤ ያ ጣት ይቆርጣል። እጥፋቱ ካለ ጣት ይዞ የሚያስቀር ሻካራ ነገር ይሰማችኋል። ከተረከዝ እስከ ጫፍ ሙሉውን ሳይሰማችሁ አታገላብጡት። ያልተሰማበት ቦታ ካለ ያንን ቦታ ብቻ ጨምራችሁ ሥሩ።

“ስንት ጊዜ ልመላለስ?” ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ቁጥር የለም። እጥፋቱ እስኪመጣ። በጣም የዶለዶመ ቢላ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ደህና የተያዘ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይመጣል። “ሳልኩት፣ አልተሳለም” የሚል ሰው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ እጥፋቱ ሳይመጣ ነው ያቆመው፤ ይህ ከራሴ ድካም የተማርኩት ነው እንጂ የጥናት ቁጥር አይደለም።

7. አገላብጡና ሌላውን ጎን በተመሳሳይ ሥሩ። አሁን እጥፋቱ ወደ መጀመሪያው ጎን ይሻገራል።

8. ወደ ለስላሳው ድንጋይ እለፉ። ካላችሁ። እዚህ ጉልበት አይፈለግም፤ የቢላው ክብደት ብቻ ይበቃል። በየጎኑ አሥር፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ አንዴ እያፈራረቃችሁ ቀንሱ።

9. እጥፋቱን አንሡ። ቀርቶ ከሆነ ቢላው ዛሬ ስል መስሎ ነገ ይደነዝዛል። የተጣጠፈ ጋዜጣ፣ አሮጌ ጂንስ ወይም የቀበቶ ቆዳ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉ። ስለቱን ከኋላ አስከትላችሁ፣ ማለትም ጀርባውን አስቀድማችሁ፣ በየጎኑ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ ጎትቱት። ስለቱን ካስቀደማችሁ ጂንሱ ለሁለት ይከፈላል።

10. እጠቡት፣ አድርቁት፣ ሞክሩት። ተራ ወረቀት በአንድ እጅ ይዛችሁ ከተረከዝ እስከ ጫፍ በአንድ ስበት ቁረጡት። የሚያዝበት ወይም የሚቀድበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ወይ ሽርፍ አለ ወይ እጥፋት ቀርቷል። ከወረቀቱ በኋላ ወደ ቲማቲሙ ተመለሱ። ሳትጫኑት ቢላውን ብቻ ሳቡት። ልጡ ከተበጠሰ አበቃ።

ድንጋይ የሌለው ሰውስ? የሸክላ ስኒ ወይም ኩባያ ገልብጡ። ከሥሩ ያልተቀባ፣ ሻካራ ክብ ጠርዝ አለው። በዚያች ላይ በየጎኑ ጥቂት ጊዜ በተመሳሳይ ዝንባሌ ብትሄዱበት ለስላሳ ድንጋይ የሚሠራውን ያህል ይሠራል። ዘመድ ቤት ሄጄ ዶልዱም ቢላ ሲሰጡኝ ብዙ ጊዜ የሚያወጣኝ ይህ ነው።

ድንጋዩም ይጎደጉዳል

ድንጋይ መሐሉ እየተበላ ይሄዳል። የጎደጎደ ድንጋይ ላይ ዝንባሌውን መጠበቅ አይቻልም። ፊቱ ላይ በእርሳስ መረብ መሰል መስመር አስምሩና፣ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ወይም በሌላ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፋችሁ በውኃ እያራሳችሁ ፈትጉት። መስመሩ በሙሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።

ዘንጉን መቼ?

በድንጋይ የተሳለ ቢላ ከጥቂት ሥራ በኋላ ትንሽ ሲፈዝ ወደ ዘንጉ ሂዱ። ዘንጉን ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አቁሙት፤ በአየር ላይ እንደ ሰይፍ ማፋጨቱ ለትዕይንት ነው። በዚያው 20 ዲግሪ፣ ቀለል አድርጋችሁ፣ ከተረከዝ ወደ ጫፍ እየሳባችሁ በየጎኑ አራት አምስት ጊዜ። መደብደብ የለም። ከ60 በላይ ጥንካሬ ያለው ቢላ ግን በጎድጓዳ መስመር የተሠራ የብረት ዘንግ ላይ ይሸረፋል፤ ለሱ ለስላሳ የሴራሚክ ዘንግ ወይም ያንኑ ቆዳ ተጠቀሙ።

ቀን በቀን የሚሠራበት የቤት ቢላ በዚህ አያያዝ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ድንጋይ ቢያይ በቂው ነው። ዘንጉ ካልመለሰው ቀኑን አትጠብቁ። ጥርስ ያለውን የዳቦ ቢላ ግን በድንጋይ አትሞክሩት። እያንዳንዱን ጥርስ ለየብቻ በቀጭን ሾጣጣ ዘንግ መሳል ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። ደግነቱ ጥርሱ ከመክተፊያው ጋር ብዙም ስለማይገናኝ ለዓመታት ይቆያል።

ስለት የሚበላው ነገር

ከሁሉም የከፋው የመስታወት መክተፊያ ነው። ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም፤ ቢላ የሚጠላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። መስታወት፣ እብነ በረድና የሸክላ ሳህን ላይ የሚከትፍ ሰው ድንጋይ መግዛቱ ከንቱ ነው። እንጨት ወይም ለስለስ ያለ ፕላስቲክ ተጠቀሙ።

የከተፋችሁትን ወደ ድስት ስትጠርጉ በስለቱ አትጥረጉ። ቢላውን ገልብጡና በጀርባው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ስለቱን በጎን መክተፊያው ላይ መፈተግ ከመክተፍ የበለጠ ያጥፈዋል። ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ካርቶን መቅደጃ፣ ብሎን መፍቻ አታድርጉት። ቤት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ለሱ አንድ አሮጌ ቢላ መድቡለት፣ ከጭቅጭቅ ይሻላል።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት። ከሌላ ዕቃ ጋር ይጋጫል፣ ሙቀቱና ሳሙናው እጀታውን ይሰነጥቀዋል። በእጅ እጠቡ፣ ወዲያው አድርቁ። አረፋ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ ቢላ አትተዉ፤ ቀጥሎ እጁን የሚሰደው ሰው አያየውም።

የሚዝገው ዓይነት ቢላ ሲሠራበት እየሰነበተ ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ዝገት አይደለም፤ እንዲያውም ከዝገት ይከላከልለታል፤ አትፈትጉት። ቀዩ ቀለም ነው ዝገት። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ለምግብ የሚሆን የማዕድን ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። የምግብ ማብሰያ ዘይት አይሁን፤ እየቆየ ይበላሽና ያጣብቃል።

መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያና ሹካ ጋር አትቀላቅሉት። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ እጃችሁንም ይጠብቃሉ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት፣ የእንጨት ማቆሚያ ወይም ከካርቶን ታጥፎ በፕላስተር የተጠቀለለ ሰገባ ይበቃል። ማግኔቱ ላይ ስታስቀምጡት መጀመሪያ ጀርባውን አስነኩና ከዚያ ገላውን አስተኙት፤ ስታነሡትም በተቃራኒው።

ቢላ ከእጃችሁ ሲወድቅ ደግሞ እጅን አንሡ፣ እግርን አሽሹ። ለመያዝ አትሞክሩ። ቢሸረፍ ድንጋይ አለ።

አሁን ቢላው ስል ነው። አንድ ሥራ ቀርቷችኋል፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ። መጀመሪያ በደንብ የተሳለልኝን ቢላ ምንም ሳልል ቦታው መልሼ ነበር። እህቴ በማግስቱ እንደለመደችው ሽንኩርቱን በጉልበት ተጫነችው። ቢላው ሽንኩርቱን አልፎ፣ የጥፍሯን ጫፍ ይዞ፣ መክተፊያው ላይ ቆመ። “ምን አድርገህበት ነው?” አለችኝ፣ ጣቷን እየጠባች። ስለዚህ ከቢላው ማስቀመጫ በላይ “ተስሏል” የምትል ወረቀት ለጥፉ፤ እጅ ጉልበት መቀነሱን እስኪለምድ ሦስት አራት ቀን ይፈጅበታል።